በኦሪትና በገማራ ክፍል ውስጥ ስክሪን ሲገባ መምህራን ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

እስራኤል ውስጥ በመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ኦሪትና ገማራ (በታልሙድ ውስጥ የሊቃውንቱ ክርክር የተመዘገበበትን ክፍል) አስተምራለሁ። በየዓመቱ አዳዲስ መምህራን ይመጡልናል፤ ከመካከላቸው የቤተ እስራኤል ልጆችን ሳይ ልቤ ይሞላል። ሁሉም ማለት ይቻላል ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ ታብሌቱ፣ ፕሮጀክተሩ፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ወደ ቅዱስ ትምህርት ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ? የኔ መለኪያ አንድ ነው። ልጆቹ ድምፃቸውን አውጥተው እንዲያነቡና እንዲከራከሩ የሚረዳ ከሆነ ይግባ፤ ዝም የሚያሰኛቸው ከሆነ ይውጣ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

አዲስ ነገርን ሁሉ በጅምላ መከልከል

«አባቶቻችን ያለዚህ ተምረዋል» የሚሉ ነባር መምህራን አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ግን አልስማማም። ታልሙድ ራሱ ጊቲን በሚባለው ክፍሉ፣ በቅጠል 60 ላይ፣ በቃል የተሰጠው ትምህርት በጽሑፍ እንዳይነገር ተከልክሎ እንደነበር ይነግረናል። ሊቃውንቱ ትምህርቱ እንዳይረሳ ፈርተው መጻፉን ፈቀዱ። ሙሉው ታልሙድ በቬኒስ በዳንኤል ቦምበርግ ማተሚያ ቤት ከ1520 እስከ 1523 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ታተመ፤ ዛሬ ሁላችንም የምንጠቅሰው የዳፍ (የቅጠል) ቁጥር የጸናው በዚያ እትም ነው። የራቢዎችን ጥያቄና መልስ በኮምፒውተር የመሰብሰቡ ሥራም በ1963 ተጀምሮ በኋላ ወደ ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር።

ማብራሪያውን ከንባቡ በፊት መክፈት

ይህን ስህተት ከሚገባው በላይ ስላየሁ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። መምህሩ ይገባል፤ ፕሮጀክተሩን ያበራል፤ ሴፋሪያ የሚባለውን የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ይከፍታል። ግድግዳው ላይ ኒቁድ (የአናባቢ ነጥብ) የተደረገለት፣ ነጠላ ሰረዝና የጥያቄ ምልክት የገባበት፣ የራቢ አዲን ሽታይንዛልትስ ማብራሪያ በመስመሮቹ መሀል የተጨመረበት ገማራ ይታያል። ተማሪዎቹ ያነባሉ፣ ይገባቸዋል፣ ደወል ሳይደወል ትምህርቱ ያልቃል። መምህሩም ደስ ብሎት ይወጣል።

ሴፋሪያን አልወቅስም። በ2011 ጆሹዋ ፎርና ብሬት ሎክስፓይዘር የመሠረቱት ይህ ነጻ ቤተ መጻሕፍት በ2017 የሽታይንዛልትስን ታልሙድ ለማንም ያለ ክፍያ መክፈቱ ለትውልድ የተሰጠ ስጦታ ነው። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በ1880ዎቹ የሮም ቤተሰብ ማተሚያ ቤት በቪልና ያወጣውን እትም ግለጡ። ኒቁድ የለውም፤ የጥያቄ ምልክት የለውም። አራማይኩና ዕብራይስጡ ተቀላቅሏል። ጥያቄው የት እንደሚያልቅ፣ መልሱ የት እንደሚጀምር፣ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ «ና ስማ» የሚለው ማስረጃ ማንን ሊደግፍ ማንን ሊጥል እንደመጣ ፈልጎ የሚያገኘው ተማሪው ነው። ገማራ መማር ማለት ይህ ፍለጋ ነው። ስክሪኑ የጥያቄ ምልክቱን አስቀድሞ ሲያስቀምጥለት ልጁ ያልፈለገውን ነገር አግኝቶ ይወጣል።

አንድ ጎበዝ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር። አንዱን ክርክር ከስክሪን ላይ እያየ እንደ ትልቅ ሰው አብራራልኝ። በሳምንቱ ያንኑ ክርክር ከቪልናው ገጽ ላይ እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት። ፊቱ ሲቀላ አየሁ፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። ማንም ከባዶው ገጽ ጋር ብቻውን እንዲታገል ዕድል ሰጥቶት አያውቅም ነበር።

ገጹ ራሱም ትምህርት ነው። ገማራው መሀል ይቀመጣል፤ የታላቁ አብራሪ የራሺ ማብራሪያ በመጽሐፉ ስፌት በኩል፣ ቶሳፎት የሚባሉት ከእሱ በኋላ የመጡ ማብራሪያዎች በውጭው በኩል። ልጁ ዓይኑን ባነሳ ቁጥር ራሺ እዚያው አጠገቡ አለ። በስልክ ላይ ግን ራሺ በአንድ ቃል ሥር ተደብቆ፣ ጣት እስኪነካው ይጠብቃል። ያልነካው ልጅ ራሺ መናገሩንም አያውቅም። አንድን ሐሳብ ከዓመታት በኋላ «በግራ ገጽ፣ ከታች፣ በሰፊው መስመር ላይ ነበር» ብሎ የሚያስታውስ ሰው የተማረው ቦታ ካለው ገጽ ነው፤ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ከሚያልፍ ጽሑፍ ይህ አይገኝም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ዝምታው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ታብሌት፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፤ ክፍሉ ጸጥ። ጎብኚ ሲመጣ «እንዴት ያለ ሥርዓት ነው!» ብሎ ያደንቃል። በታልሙድ፣ በኤሩቪን 54 ላይ ግን ብሩርያ የተባለች የተማረች ሴት ድምፁን ሳያወጣ የሚማር ተማሪ አግኝታ በእግሯ መታችው ይላል። እዚያው ላይ በሹክሹክታ ይማር የነበረ ደቀ መዝሙር ከሦስት ዓመት በኋላ የተማረውን እንደረሳ ተጽፏል። ይህን ታሪክ ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች ስነግራቸው ማንም ማብራሪያ አይጠይቀኝም። ቄሶቻችን የግዕዙን ጸሎት ከመምህራቸው አፍ በድምፅ እየተቀበሉ፣ ደግመው ደጋግመው እያሉ ነው በቃላቸው የያዙት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። መጀመሪያ የታተመ ገጽና እርሳስ ስጧቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በሐቭሩታ ይቀመጡ፤ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ጥያቄው የቱ ጋ እንደሆነ፣ መልሱ የቱ ጋ እንደሆነ ራሳቸው ምልክት ያድርጉ። ሳይስማሙ ሲቀሩ ያን ጊዜ ስክሪኑ ይከፈት። ለሁለት ልጆች አንድ ታብሌት ይበቃል፤ አንዱን ስክሪን ሲካፈሉ መነጋገራቸው አይቀርም። የማንበብ ችግር ላለበት ልጅ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ኒቁድ ያለውን ስጡት። ለእሱ ኒቁዱ መግቢያ በሩ ነው፤ ሥርዓት ለማስጠበቅ ብላችሁ እንዳትከለክሉት።

የባር ሚጽቫን ንባብ ለድምፅ ቅጂ መተው

ልጁ 13 ዓመት ሲሞላው፣ በባር ሚጽቫው፣ የሚያነበው የሴፈር ቶራ (የኦሪት) ጥቅል ኒቁድም የዜማ ምልክትም የለውም። ለዚህ ነው ቲኩን የሚባለው መጽሐፍ ሁለት ዓምድ ያለው፦ በአንዱ ምልክት ያለው ንባብ፣ በሌላው ልክ እንደ ጥቅሉ ባዶው። ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይለማመዳል። አሁን ብዙ ልጆች ቲኩኑን ትተው የአፕ ቅጂ እየሰሙ ድምፁን ብቻ ያጠናሉ። አንድ ቃል ሲያመልጣቸው ቦታቸውን ማግኘት አይችሉም፤ ምልክቶቹን አልተማሯቸውማ። አፑ ደግሞ የሚያሰማው የአንድን ማኅበረሰብ ዜማ ነው። የየመኑ፣ የሞሮኮው፣ የአሽከናዙ ልጅ የአያቱን ዜማ በዚያ መንገድ ያጣል። ቅጂው ለማረሚያ ይጠቅማል፤ ለማስተማሪያ ግን ሰው ያስፈልጋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጠቀሰውን ምንጭ ሳይገልጡ መቀበል

አንድ ተማሪ ከብራኾት ዳፍ 71 የተጠቀሰ ቆንጆ አባባል ይዞልኝ መጣ። ብራኾት የሚባለው የታልሙድ ክፍል የሚያልቀው ዳፍ 64 ላይ ነው። አባባሉ ያማረ፣ የሊቃውንቱን አነጋገር የመሰለ፣ ጨርሶ የሌለ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይመረመር ሙሉ ነጥብ ሲሰጠው ማየት ያናድደኛል፤ በተናጋሪው ስም መናገር በትምህርታችን ትልቅ ነገር ነውና ያልተነገረን በሊቅ ስም መናገር ቀላል ጥፋት አይደለም። ደንቡ አንድ ይሁን፦ ተማሪው ምንጩን ከመጽሐፍ ገልጦ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ካላሳየ አይቆጠርለትም።

ቤቱን ሳይጠይቁ የኢንተርኔት የቤት ሥራ መስጠት

ኢንተርኔት የሌለባቸው ቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ገንዘብ ያጠረው ነው። በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አምስት ወንድማማቾች የእናታቸውን አንድ ስልክ ሲጠባበቁ አይቻለሁ። ሌላው አስቦበት ያላስገባ ነው። በግንቦት 2012 በኒው ዮርክ፣ «ሲቲ ፊልድ» በሚባለው ስታዲየም ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሐሬዲዎች (ጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁድ) ስለ ኢንተርኔት አደጋ ለመምከር ተሰብስበው ነበር። እንደዚያ የሚያምን ቤተሰብ በመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤትም ይኖራል። ለመጀመሪያው ቤተሰብ መሣሪያ ፈልጉለት፤ ለሁለተኛው ወረቀት ስጡት፤ ልጁን በክፍል ፊት «ለምን አልላክህም?» ብላችሁ አትጠይቁ። በዚያው በ2020 የሐሬዲ መምህራን በተራ የስልክ መስመር ሲያስተምሩ ከርመዋል። ልጆቹ የመምህራቸውን ድምፅ ሰምተዋል፤ ጥያቄም ጠይቀዋል።

ለወላጅ የሚላከውን መልእክት ለማሽን መተው

ይህ የኛን ቤቶች በቀጥታ ይነካል። ትምህርት ቤቱ በአፑ በኩል በዕብራይስጥ ይልካል። እናትየው ከጎንደር ገጠር የመጣች፣ ጸሎቱን በቃሏ የምታውቅ፣ ዕብራይስጥ ግን የማታነብ ናት። ታዲያ መልእክቱን የሚያነብላት ማን ነው? ልጇ። ስለ ራሱ የተጻፈውን ክስ ለእናቱ የሚተረጉመው ራሱ ተከሳሹ ነው! እናት ወደ ስብሰባ ተጠርታ ልጇ «እንኳን ደስ አለሽ ይላሉ» ብሎ እንዳስቀራት ያወቅኩት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የማሽን ትርጉምም መፍትሔ አይሆንም፤ ጉዳዩን ያዛባል፣ ሰባ ዓመት የሞላቸውን አባት «አንተ» ብሎ ይጠራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዋትሳፕ የአማርኛ የድምፅ መልእክት ይላክ፦ «እንደምን አሉ እማማ፣ የልጅዎ መምህር ነኝ» ብሎ የሚጀምር፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ። አማርኛ የሚናገር መምህር ከሌለ የማኅበረሰቡን አገናኝ ሠራተኛ ለምኑ። የልጁን በጎ ነገርም ላኩ፤ ለክስ ብቻ የሚደወል ስልክ ማንም ማንሳት አይፈልግም።

ሲግድን በቪዲዮ ማለፍ

የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል የሆነው ሲግድ በዕብራውያን የሔሽቫን ወር 29፣ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ በ2008 በእስራኤል ሕግ የሀገር በዓል ሆኗል። ቀኑ ሲደርስ ብዙ መምህራን አጭር ፊልም ከኢንተርኔት አውጥተው ያሳያሉ፤ ጃንጥላ የያዙ ቄሶች ይታያሉ፤ ደወሉ ይደወላል፤ አለቀ። የአንዷ ተማሪ አያት ግን ሁለት መንገድ አልፎ ይኖራሉ፤ ተራራ ወጥተው የጾሙ፣ ኦሪቱ በግዕዝ ተነብቦ ሲተረጎም የሰሙ፣ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ሴት ናቸው። ጋብዟቸው! ታብሌቱ እዚህ ላይ ሥራ አለው፦ ልጆቹ ጥያቄ አዘጋጅተው፣ አስፈቅደው፣ የሚናገሩትን ይቅረጹ። ቅጂውም መጀመሪያ ለቤተሰቡ ይሰጥ። የሚያውቁት ሰዎች እያለፉ ነው፤ ፊልሙ ለሚቀጥለው ዓመትም ይቆያል።

ስክሪን ብቻ የሚችለውን ሥራ አለማሠራት

ሊቁ ሰሎሞን ሼክተር በ1896 እና 1897 ከካይሮ ጌኒዛ (ያረጁ ቅዱሳን ጽሑፎች ከሚቀመጡበት ክፍል) ወደ ካምብሪጅ የወሰዳቸው ከ190,000 በላይ ቁርጥራጮች ዛሬ በፎቶ ይታያሉ። ታላቁ ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) በእጁ የጻፋቸው፣ የሰረዛቸውና ያረማቸው መስመሮች ከነዚያ ውስጥ አሉ። ርዝመቱ 7 ሜትር ያለፈው የኢሳይያስ ጥቅል ከ2011 ጀምሮ በእስራኤል ሙዚየም በኩል በኢንተርኔት ላይ ነው። ከኛ ክፍል ማንም ልጅ እነዚህን በእጁ አይነካም። ራምባም ቃል ሲሰርዝ ያየ ልጅ የራሱን ረቂቅ ማረም አያሳፍረውም። ፕሮጀክተሩን ለዚህ አብሩት።

የሰንበት ሰዓት

የቤት ሥራ ማስረከቢያን ቅዳሜ እኩለ ሌሊት አታድርጉ፤ በበጋ ሰንበት የሚወጣው መሽቶ ነው። አርብ ሻማ ከበራ በኋላ የሚደርስ መልእክትም አትላኩ፤ ሲስተሙ በራሱ እንዳይልክ አስተካክሉት።

የታተመውን ወረቀት መጣል

ስክሪን ላይ የታየ ስመ እግዚአብሔር ሲጠፋ እንደ ጽሑፍ መሰረዝ እንደማይቆጠር ብዙ ፖስቂም (ሕግ የሚወስኑ ራቢዎች) ተናግረዋል። አትማችሁ ያደላችሁት ወረቀት ግን ወደ ጌኒዛ ይሄዳል። በየክፍሉ ሳጥን አስቀምጡ።

ከመምህሩ በፊት መሣሪያውን መግዛት

በታልሙድ፣ በባቫ ባትራ 21 ላይ ሊቀ ካህናቱ ይሆሹዓ ቤን ጋምላ በየከተማው የልጆች መምህራን እንዲሾሙ ማድረጉ ይታሰባል። በዚያው ላይ ሊቁ ራቫ ልኩን ይሰጣል፦ ለ25 ልጆች አንድ መምህር፣ 40 ከሆኑ ረዳት ይጨመር፣ 50 ከሆኑ ሁለት መምህር። ርዕሰ መምህራችሁ ታብሌት ለመግዛት በጀት እንደተገኘ ሲነግራችሁ ዋጋው ስንት የረዳት መምህር ሰዓት እንደሚሆን አስሉና ይዛችሁ ግቡ። ከተገዛም ማን እንደሚጠግነው፣ የኢንተርኔት ማጣሪያውን ማን እንደሚቆጣጠር፣ ቅዳሜ ማታ ለተበላሸበት ልጅ ማን ስልክ እንደሚያነሳ ስሙ ይጻፍ። ስም ያልተጻፈበት ግዢ ሲመጣ «አንድ ወር እንቆይ» በሉ።