የቤተሰብ ትዝታን ፊልም ስትሠሩ ከእነዚህ ተጠንቀቁ

የመጀመሪያ አጭር ፊልሜ ስለ አያቴ ነበር። የድሮውን ዘመን በሙሉ ቡናማ አደረግኩት፤ ዳር ዳሩንም አደበዘዝኩት። አክስቴ አይታ ስትጨርስ "ካሜራው ተበላሽቶ ነው እንዴ?" አለችኝ። ያኔ ተናደድኩ። ኋላ ላይ ሳስበው ግን ልክ ነበረች።

አንደኛው ስህተት ይኸው ነው፤ ትዝታን ማደብዘዝ። ለሚያስታውሰው ሰው ትዝታው ጭጋግ አልለበሰም። አንዲት የእናቱ ቀሚስ አዝራር ቁልጭ ብላ ትታየዋለች። ከእናቱ ጎን ማን ቆሞ እንደነበር ግን ጭራሽ የለም። ስለዚህ ቀለሙን ተዉትና ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚቀር ምረጡ። ስዊድናዊው ዳይሬክተር ኢንግማር በርግማን እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው "የዱር እንጆሪ" ፊልም ሽማግሌው ወደ ወጣትነቱ ትዝታ የሚገባው ከነሽበቱ ነው። ድሮ የወደዳትን ልጅ ያናግራታል፤ እሷ ግን አትሰማውም። አንዳች የቀለም ጨዋታ የለበትም፤ ሆድ ግን ያባባል።

ሁለተኛው በትዝታና በምናብ መካከል አጥር ማጠር ነው። "ይህ የሆነ፣ ያ የታሰበ" እያሉ ለተመልካች ምልክት መስጠት። አንጎላችን ራሱ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ አጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ የወጣ ጥናት ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸውን ሰዎች "ባሕር ዳርቻ ላይ ጋደም እንዳላችሁ አስቡ" ብሎ ጠይቆ ነበር። ያለፈውን ማስታወስ የቸገራቸው እነዚህ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ያልሆነውንም መሳል አቃታቸው፤ የሚናገሩት ሁሉ የተበጣጠሰ ነበር። ሁለቱ ከአንድ ጓዳ ነው የሚወጡት ማለት ነው። ታዲያ ተመልካቹን ሜዳ ላይ ጣሉት ማለቴ አይደለም። አንድ መያዣ ስጡት። በእውኑ የተሰነጠቀ ብርጭቆ በምናቡ ውስጥ ሙሉ ይሁን። ብርጭቆው ለሦስተኛ ጊዜ ሲታይ ማንም ሳይነግረው ይነቃበታል።

ትልቁ ስህተት ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር የሚያስታውስበት ቤተሰብ መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ የት አለ? አባት ቤቱን ጥሎ የወጣበትን ቀን እንውሰድ። ወንድ ልጁ "ሻንጣ ይዞ ነበር" ይላል። እህቱ "ባዶ እጁን ነው የወጣው" ትላለች። እናት ደግሞ "ሁለታችሁም ተኝታችሁ ነበር" ብላ ዝም ታሰኛቸዋለች። ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ጋ ማን እንደዋሸ ለማጣራት ይሮጣል። ተዉት። ልጅቷ ባዶ እጁን የወጣ ሰው ይመለሳል ብላ ስትጠብቅ ኖራለች። ወንድሟ ሻንጣውን የጨመረው ቶሎ ቁርጡን ለማወቅ ነው። ሦስቱንም አንድ በር ላይ ቅረጹት፤ አንዴ በሻንጣ፣ አንዴ ያለ ሻንጣ፣ አንዴ ደግሞ ሁለት የተኙ ልጆችን ብቻ።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ "ትዝታ ያታልላል" የሚል ተራኪ ድምፅ እንዳታስገቡ፣ አደራ። በሩ ተናግሯል።

ዝግታን ከጥልቀት ጋር ማምታታትም አለ። መስኮት ላይ ሁለት ደቂቃ መቆየት የሚቻለው ከመስኮቱ ውጭ የሚጠበቅ ሰው ካለ ነው። ከሌለ መስኮት ነው። ሙዚቃውም እንዲሁ ነው፤ ተዋናዩ ሳያለቅስ ፒያኖው እያለቀሰ ያስቸግራል።

የመጨረሻው "በእውነት የሆነ እኮ ነው!" የሚለው መከላከያ ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ሩሲያዊው ዳይሬክተር አንድሬይ ታርኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው "መስታወት" ፊልሙ ውስጥ የገዛ እናቱን አሳይቷል፤ የአባቱን ግጥሞችም በአባቱ በራሱ ድምፅ አስነብቧል። ከዚህ በላይ እውነት ከየት ይመጣል? ሆኖም ፊልሙ ኤዲቲንግ ላይ አልያያዝ ብሎት ከሃያ ጊዜ በላይ ቅደም ተከተሉን ቀያይሯል። መሆኑ ብቻ ትዕይንቱን አያቆመውም።

ሁለተኛውን ፊልሜን ለዚያችው አክስቴ አሳየኋት። ገና ግማሹ ላይ "ኧረ እንዲህ አልነበረም!" አለችና እንዴት እንደነበረ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችልኝ። ፊልሙን አቁሜ የድምፅ መቅጃውን ከፈትኩ።