ልጅዎ ለኒውሮብላስቶማ የሕክምና ሙከራ ሲጠየቅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስምምነት ቅጹ ብዙ ጊዜ ከሃያ ገጽ ይበልጣል። እናትየው ተቀብላ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ትሄዳለች፤ እስክሪብቶ ታነሳና ወደ እኔ ዞር ትላለች፤ «ወንድሜ፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎች በአማርኛ አስተርጓሚነት እሠራለሁ። «ፈርሚ» ወይም «አትፈርሚ» ማለት አልችልም፤ ሥራዬ የተባለውን እንደተባለ ማድረስ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሆኜ የምውጠው ነገር ግን ብዙ ነው። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ በሽታው። ኒውሮብላስቶማ ገና ካልበሰሉ የነርቭ ሴሎች የሚነሳ የሕፃናት ካንሰር ነው። «የነርቭ ካንሰር» ብዬ ስተረጉም ወላጅ ወዲያው የልጁን ጭንቅላት ያያል። የአንጎል ካንሰር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሆድ ውስጥ፣ ከኩላሊት በላይ ባለችው አድሬናል ዕጢ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ አጥንትና ወደ መቅኔ ሊዛመት ይችላል። ከሚያዙት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ700 እስከ 800 ልጆች ላይ ይገኛል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አንድ ሆስፒታል ብቻውን የትኛው ሕክምና እንደሚሻል ለይቶ ማወቅ አይችልም፤ ሆስፒታሎቹ ቺልድረንስ ኦንኮሎጂ ግሩፕ በሚባለው ማኅበር ሥር አብረው የሚያጠኑት ለዚህ ነው።

ገና ሳይሰሙ «ልጄን መሞከሪያ አላደርግም» ማለት

ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ነው። «ሙከራ» ሲባል በእኛ ጆሮ የሚመጣው አይጥ ነው። ሐኪሟ ገና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ አባት እጁን ያነሳል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እምቢ ማለት መብት ነው፤ የልጁ ሕክምናም በዚህ ምክንያት አይቀንስም። ምን ተጠይቆ እንደነበር ሳያውቁ እምቢ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዳይኑቱክሲማብ የሚባለውን መድኃኒት እንውሰድ። በካንሰሩ ሴል ገጽ ላይ ባለ ጂዲ2 በሚባል ምልክት ላይ ተጣብቆ የሰውነትን መከላከያ የሚጠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው። በሽታቸው ከፍተኛ ሥጋት ያለበት 226 ልጆች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በጊዜው የነበረውን መደበኛ ክኒን፣ ግማሾቹ ክኒኑን ከዚህ መድኃኒትና መከላከያን ከሚያነቃቁ ሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ወሰዱ። ሁለት ዓመት ሲሞላ በሽታው ሳያገረሽባቸው የቆዩት በአዲሱ በኩል 66 በመቶ፣ በነባሩ በኩል 46 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ዕጣ ማውጣቱ በ2009 ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ፤ ውጤቱ በ2010 ታተመ፤ በ2015 መድኃኒቱ በአሜሪካ ጸደቀ። ዛሬ የመደበኛው ሕክምና አካል ነው። ልብ ይበሉ፣ በነባሩ በኩል የነበሩትም ልጆች ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም፤ ኬሞውንም፣ የስቴም ሴል ንቅለ ተከላውንም፣ ክኒኑንም አግኝተዋል። የልጅ ካንሰር ላይ «ይህኛው ቡድን ምንም አይሰጠውም» የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አዲሱን ሁሉ የተሻለ አድርጎ መቁጠር

የመጀመሪያው ስህተት ተቃራኒ ነው፤ የሚብሰውም ይኸኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተስፋ ለብሶ ነው የሚመጣው። አንድ አባት ኮምፒዩተር ዕጣ እንደሚያወጣ ስነግረው ተቆጣ። «ዕጣ የሚጣለው ለዕቁብ ነው እንጂ በልጄ ነፍስ ላይ ነው እንዴ?» አለ። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ፤ ሐኪሟ ግን አገኘች። «የትኛው እንደሚሻል ባውቅ ኖሮ ዕጣ አላወጣም ነበር፤ የተሻለውን ራሱን እሰጠው ነበር» አለችው። አባትየው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ አታውቁም ማለት ነዋ!» አለ። በትክክል ገባው። ዕጣው ያለው ሐኪሞቹ ከልባቸው ስለማያውቁ ነው። ሐኪም በገዛ እጁ ቢመድብ ደህና ያያቸውን ልጆች ወደ አንዱ ወገን ያጋድላል፤ መጨረሻ ላይ የረዳው መድኃኒቱ ይሁን የልጆቹ ጥንካሬ አይለይም።

ደግሞም አዲሱ ሁልጊዜ አያሸንፍም። ከዳይኑቱክሲማብ ጋር አብሮ ይሰጥ የነበረ ኢንተርሉኪን 2 የሚባል መድኃኒት ነበር፤ መከላከያን ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። አውሮፓውያኑ የዚያኑ ፀረ እንግዳ አካል ወንድም ይዘው 406 ልጆች ላይ በዕጣ አነጻጸሩት። በ2018 የወጣው ውጤት ኢንተርሉኪኑ ሥቃይ ከመጨመር በቀር ጥቅም እንዳላመጣ አሳየ። በዚያ ሙከራ ውስጥ ዕጣው «አዲስ ነገር አልደረሰህም» ያላቸው ልጆች ወላጆች በጊዜው አዝነው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሥቃይ የዳኑት ግን የእነሱ ልጆች ነበሩ።

ደረጃውን ሳይጠይቁ መፈረም

ሙከራ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቅም። ደረጃ አንድ የሚጠይቀው «ምን ያህል መጠን ይቻላል?» ብሎ ነው፤ በጥቂት ልጆች ይጀመራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገቡትም በሽታው ያገረሸባቸው ወይም ለሕክምና እምቢ ያለባቸው ናቸው። ደረጃ ሁለት «የካንሰሩን ዕጢ ይነካዋል ወይ?» ይላል። ደረጃ ሦስት ከነባሩ ጋር ያፎካክራል። ስለዚህ ሐኪሙን «ይህ ሙከራ ሊመልሰው የፈለገው ጥያቄ ምንድን ነው?» ይበሉት። በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ይገኛል።

በቴሌግራም የሚዞረው «ካር ቲ ኒውሮብላስቶማን አዳነ» የሚል ቪዲዮ ብዙ ቤት ገብቷል። ካር ቲ የልጁን የራሱን የመከላከያ ሴል ወስዶ፣ ካንሰሩን እንዲያጠቃ ላብራቶሪ ውስጥ ለውጦ መመለስ ነው። ከጀርባው ያለው እውነተኛ ጥናት ነው፤ ሮም ውስጥ በባምቢኖ ጄሱ የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ፣ በ2023 የታተመ። ገና የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ያለ፣ 27 ልጆች የገቡበት ነው፤ ለሕክምናው ምላሽ የሰጡት 17 ናቸው። በዚህ በሽታ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ከ«አዳነ» ጋር ግን አንድ አይደለም።

ሌላው ኤፍሎርኒቲን ነው፤ በአጭሩ ዲኤፍኤምኦ ይሉታል። በፀፀ ዝንብ የሚተላለፈውን የእንቅልፍ በሽታ ለማከም አፍሪካ ውስጥ ሲያገለግል የኖረ መድኃኒት ነው፤ በታኅሣሥ 2023 ሕክምናቸውን ለጨረሱ ልጆች ማገርሸትን ለመከላከል በአሜሪካ ጸደቀ። ለሁለት ዓመት የሚወሰድ ክኒን ነው። የጸደቀበት ጥናት ግን ዕጣ አልነበረበትም፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች የተነጻጸሩት ቀደም ባለ ሙከራ ከነበሩ ልጆች ጋር ነው። በዕጣ ከተመለሰ ጥያቄ ጋር እኩል ክብደት እንደማይሰጠው ማወቅ አይጎዳም። የመስማት ችሎታን ሊቀንስ ስለሚችልም የጆሮ ምርመራ እንዳይዘለል።

ቀኖቹ ምን እንደሚመስሉ አለመጠየቅ

ጂዲ2 ያለው በካንሰሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሕመም በሚያስተላልፉ ጤነኛ ነርቮች ላይም አለ። ዳይኑቱክሲማብ ሲንጠባጠብ ልጁ ሆዴን፣ እግሬን እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው። አስቀድሞ ሞርፊን ወይም መሰል ማስታገሻ ይጀመርለታል፤ ትኩሳት ይመጣል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ፊት ያብጣል። ቅጹ ላይ ይህ ሁሉ «ሕመም፣ ትኩሳት፣ እብጠት» ተብሎ በሦስት ቃል ያልፋል፤ እኔም በሦስት ቃል ነው የምተረጉመው። ያልተዘጋጀች እናት ግን በመጀመሪያው ሌሊት «አቁሙልኝ» ብላ ትጮኻለች። ነርሷን «በመጀመሪያው ቀን ማታ ልጄ ምን ይሆናል? ስንት ቀን እንተኛለን? ማን አብሮት ያድራል?» ብለው ይጠይቁ። ነርሶቹ ከቅጹ የተሻለ ይናገራሉ።

ልጅን ወይም የእህት ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

አንድ ጊዜ ዘግይቼ ደረስኩ። የታመመው ልጅ እህት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ለእናቷ ታስተረጉም ነበር። ሐኪሙ በሽታው መቅኔ ውስጥ ተመልሶ እንደመጣ ነግሯል። ልጅቷ «ትንሽ አለ ግን መድኃኒት አለው» ብላለች። አልዋሸችም፤ የቻለችውን ያህል ነው የተሸከመችው። እናትየው ስለ አዲሱ ሙከራ የሰማችው «ትንሽ አለ» ከሚለው ላይ ተነስታ ነበር።

በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» የሚሉም ቢሆኑ ለፊርማው ቀን ይጠይቁ፤ ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ ለዚህ ላይበቃ ይችላል። ወዲያው መፈረምም የለብዎትም። ቅጹን ቤት ይውሰዱ፤ ጥያቄዎን በአማርኛ ይጻፉ።

ጸበሉን፣ ቅጠሉን፣ ቫይታሚኑን መደበቅ

ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጣ በጆሮዬ የሚነገረኝ ይኸው ነው። «ለዶክተሩ እንዳትነግረው እንጂ ከአገር ቤት የመጣ ጸበል እያጠጣሁት ነው።» ፈረንጅ ይስቅብኛል ብለው ይፈራሉ። ብዙዎቹ አይስቁም። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው፤ ነጭ የደም ሴሉ ለወረደ ልጅ ያልተፈላ የምንጭ ውኃ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፤ ደረቱ ላይ የገባው ቱቦም መርጠብ የለበትም። እንዴት ይሁን ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቄሱም ቢጠየቁ ልጁን ጎድታችሁ አጥምቁ አይሉም።

ቫይታሚን ደግሞ ማንም መድኃኒት አይለውም፤ ስለዚህ ማንም አይናገርም። ኢሶትሬቲኖይን፣ ያ ከላይ መደበኛ ክኒን ያልኩት፣ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው። ከሱፐርማርኬት የተገዛ ቫይታሚን ኤ ሲደረብበት መርዝ ይሆናል። ጥቁር አዝሙድ ዘይትም፣ ዳማከሴም፣ የዓሣ ዘይትም ይነገር። የጉበት ምርመራው ባልታወቀ ምክንያት ከተበላሸ ልጁ ከሙከራው ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያም ብሶ መድኃኒቱ ያልሠራው ጥፋት ሊለጠፍበት ይችላል።

ሕፃን ላይ «ምነው ምንም አታደርጉለትም?» ብሎ መጣደፍ

ይህ የሚመለከተው ጥቂቶችን ነው። አንዳንድ ጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚታየው ዕጢ ማንም ሳይነካው ራሱ ይጠፋል። ጃፓን ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የስድስት ወር ሕፃናትን ሁሉ ሽንት እየመረመረች ብዙ ዕጢ አገኘች፤ ብዙ ልጅ ታከመ፤ በበሽታው የሚሞቱት ልጆች ግን እንደታሰበው አልቀነሱም። ምርመራው በ2004 ቆመ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ አድሬናላቸው ላይ ትንሽ እብጠት የታየባቸው 83 ጨቅላዎች በአልትራሳውንድ ብቻ ተጠበቁ፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 16 ብቻ ነበሩ። ሐኪም «እንጠብቅ» ሲል አንዳንዴ ሕክምናው እሱ ነው።

ናሙናውንና ጊዜውን ማሳለፍ

ሙከራ በር አለው፤ በሩም ሰዓት አለው። አንዳንዱ ምንም ኬሞ ያልጀመረ ልጅ ብቻ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ከንቅለ ተከላ በኋላ ባሉት የተወሰኑ ሳምንታት ውስጥ ካልሆነ አይቀበልም። «ሌላ ቦታ ሞክረን እንመለስ» ብለው የሄዱ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። ከመሄድዎ በፊት «ይህን ብናደርግ የትኛው ሙከራ ይዘጋብናል?» ይበሉ።

የዕጢው ናሙና ለዘረመል ምርመራ መላኩንም ያረጋግጡ። ከአሥር ልጆች በአንዱ ገደማ ኤኤልኬ የሚባል ዘረመል ተበላሽቶ ይገኛል፤ ሎርላቲኒብን የመሰሉ ክኒኖች የሚሞከሩት በእነዚህ ልጆች ላይ ነው። ካልተመረመረ አይታወቅም።

ከአዲስ አበባ ለሚደውሉልኝ ዘመዶችም የምለው ይህንኑ ነው፤ ጥቁር አንበሳ የተጀመረውን ኬሞ ቪዛ እስኪመጣ ብላችሁ አታቋርጡ። በሰም የተያዘውን ናሙና፣ የሲቲ ስካኑን ሲዲና የተሰጡትን መድኃኒቶች መጠን ከነቀናቸው አስጽፋችሁ ያዙ። ያለ እነሱ የትኛውም ሙከራ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ሊል አይችልም።

ገንዘብ

ሙከራዎች በሚመዘገቡበት የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ፣ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ መመዝገብ የመንግሥት ማረጋገጫ አይደለም፤ ድረ ገጹ ራሱ እንደዚያ ይላል። «ሙከራ ነው» እያለ ለመድኃኒቱ ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅዎትን ክሊኒክ ለልጅዎ ሐኪም ሳያሳዩ አይክፈሉ፤ ጎፈንድሚም አይክፈቱለት። በተለመደው አሠራር የሚሞከረውን መድኃኒት የሚችለው አጥኚው ነው፤ አልጋውንና የደም ምርመራውን ኢንሹራንስ ይሸፍናል። ከጥር 2022 ጀምሮ ሜዲኬይድም፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ይህን መሸፈን አለበት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው ቤተስዳ ያለው የኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ሆስፒታል ደግሞ ለጥናቱ ሕክምና ከበሽተኛ አያስከፍልም። የማይሸፈነው ቤንዚን፣ ፓርኪንግና ከሥራ የቀረ ቀን ነው፤ ሶሻል ወርከሯን ይጠይቋት።

ቅጹን ፈርሞ ቤት መተው

ከፈረሙም በኋላ በማንኛውም ቀን መውጣት ይቻላል። ክኒኑን በድብቅ ማቆም ግን አይቻልም፤ «ከዛሬ ጀምሮ አልፈልግም» ብለው ይናገሩ፤ በሰላም እንዴት እንደሚቆም ያሳዩዎታል።

የተፈረመው ቅጽ ቅጂ ደግሞ ከልጁ ቦርሳ አይለይ። ትኩሳት የሚመጣው እኩለ ሌሊት ነው፤ አምቡላንሱም የሚወስደው ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል እንጂ ወደሚያውቁዎት ሐኪም አይደለም። እዚያ ያለው ወጣት ሐኪም ስለ ሙከራው መድኃኒት ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። አንድ አባት የቅጹን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ የስልኩ መነሻ ገጽ ላይ አድርጎታል፤ የሙከራው ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስም፣ በሃያ አራት ሰዓት የሚመልስ የሐኪም ስልክ። «እንግሊዝኛዬ ቢጠፋብኝ ስልኬን አሳያለሁ» አለኝ።