ላፕቶፑ ነጭ ያለውን አልበሙ ሰማያዊ ሲለው

የሙሽራዋ እናት አልበሙን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንዱ ገጽ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ የኔ ነጠላ ነጭ ነበር እኮ። ይሄን ሰማያዊውን ከማን ተውሼ ነው የለበስኩት?» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። አልበሙን ከራሴ ኪስ ከፍዬ እንደገና አሳተምኩት።

ያን ሰሞን ጥፋቱን በላፕቶፑ አሳብቤ አዲስ ልገዛ ተነስቼ ነበር። እዚህ ሀዋሳ ለፎቶ ሥራ ላፕቶፕ ፈልጎ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮር ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ የፕሮሰሰሩን አቅም ማለቱ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቀለም የሚያበላሸው ግን ኮሩ አይደለም። ወይ ስክሪኑ ነው፣ ወይ ሴቲንጉ ነው፣ ወይ የተቀመጥንበት ክፍል ነው። ሴቲንጉና ክፍሉ አዲስ ላፕቶፕ ሳይገዛ ይስተካከላሉ። እንግዲህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የእናንተ ችግር የቱ እንደሆነ ለዩ።

ነጩ ነጭ አልሆን ሲል

የእኔ ችግር ይሄ ነበር። የሠርግ ፎቶ የማስተካክለው ማታ ማታ ነው። ላፕቶፑ ላይ «ናይት ላይት» የሚባለው ሴቲንግ ከመሸ በኋላ ራሱ ይበራና ስክሪኑን ቢጫ ያደርገዋል። ለዓይን ጥሩ ነው ይላሉ፤ ለነጠላ ግን ጠላት ነው። ዓይኔ ቢጫ ሲያይ እጄ ወደ ሰማያዊ ይጎትታል። ጠዋት ስክሪኑ ወደ ነበረበት ሲመለስ ፎቶው ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቀኛል።

መፍትሄው ናይት ላይትን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ማክ የምትጠቀሙ ከሆነ «ናይት ሺፍት»ን ብቻ ሳይሆን «ትሩ ቶን»ንም አጥፉ። ትሩ ቶን የክፍሉን መብራት እያየ የስክሪኑን ነጭ ይለዋውጣል። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ከፋብሪካ የመጣ የራሳቸው «ዓይን መጠበቂያ» ፕሮግራም አላቸው፤ እሱንም ፈልጋችሁ አጥፉ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዙሩ። ብዙ ስቱዲዮ አረንጓዴ ወይም ሮዝ የተቀባ ነው። ያ ቀለም ስክሪኑ ላይም ዓይናችሁ ላይም ያርፋል። ከጀርባችሁ ያለውን ግድግዳ ነጭ ወይም ግራጫ ቀቡት። ቀይ ቲሸርት ለብሶ ኤዲት ማድረግም ይቅር። ቀልድ ይመስላል፤ ክፍሉ በርቶ ስክሪኑ ላይ ጥቁር የበዛበት ፎቶ ብትከፍቱ ግን ራሳችሁን ታዩበታላችሁ።

ስክሪን ላይ የፈካው ሲታተም ሲጨልም

ይሄ ስክሪኑ ከመጠን በላይ ሲበራ የሚመጣ ነው። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፤ የተጣለበትን ብቻ ይመልሳል። የላፕቶፕ ብራይትነስ ጥግ ሲደርስ ብዙ ጊዜ 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ለኅትመት ኤዲት የሚያደርጉ ሰዎች የሚሠሩት ግን ከ80 እስከ 120 ኒት ባለው ውስጥ ነው። ጥግ ላይ አድርጋችሁ ስትሠሩ ጠይም ፊት «በቃ፣ ፈክቷል» ትላላችሁ። ወረቀቱ ላይ አፍንጫና ጉንጭ ይጠፋል።

መለኪያ ከሌላችሁ እንዲህ አድርጉ። ክፍሉን እንደ ወትሮው አብሩ። ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ። አጠገቡ ነጭ ወረቀት ያዙና ሁለቱ እኩል እስኪመስሉ ብራይትነሱን አውርዱ። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ የሞተ ይመስላችኋል። አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ትለምዱታላችሁ። የብራይትነሱን ቁጥር ጻፉና ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፉት። የእኔ 42 ነው፤ የእናንተ ሌላ ይሆናል።

መብራት ሲሄድ ቀለሙም ሲሄድ

ሀዋሳ ለምንኖር ይሄ ሩቅ አይደለም። መብራት ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ያን ጊዜ ፎቶው ትንሽ ይደበዝዛል ወይም ንፅፅሩ ይለወጣል። ብራይትነሱ ብቻ የወረደ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ባትሪ ለመቆጠብ ግራፊክሱ የፎቶውን ይዘት እያየ ብርሃኑን ይጫወትበታል። ጥቁር የበዛበት ፎቶ ሲከፈት አንድ ነገር ያደርጋል፣ ነጭ ቬሎ ሲመጣ ሌላ።

ግራፊክሱ ኢንቴል ከሆነ በግራፊክስ ሴቲንጉ ውስጥ የፓወር ክፍሉ ገብታችሁ ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግን አጥፉ። ኤኤምዲ ከሆነ «ቫሪ ብራይት» ይባላል። ዊንዶውስ 11 ራሱም ብራይትነስን በይዘት የሚቀይርበት ምርጫ አለው፤ ዲስፕሌይ ውስጥ ከብራይትነሱ ሥር ታገኙታላችሁ። ይህን ሁሉ አጥፍታችሁም ቢሆን ቀለም የሚወሰንበትን ሥራ መብራት ሲመጣ ሥሩት። በባትሪ ፎቶ መምረጥና መቁረጥ ይበቃል።

ጥለቱ ስልክ ላይ ሲቃጠል

ገንዘብ የሚያስወጣው ይሄኛው ነው፤ ላፕቶፕ የሚመርጥ ሰው ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባም እዚህ ጋ ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ቀዩ ጥለት ላፕቶፑ ላይ ፈዝዞ ይታያችኋል። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ትጨምራላችሁ። አሁን አማረ። ደንበኛው በስልኩ ሲከፍተው ጥለቱ እሳት ሆኗል፣ የሙሽራው ፊትም ቲማቲም መስሏል። ስልኩ አላበደም። የእናንተ ስክሪን ያንን ቀይ ማሳየት ስለማይችል ነው እናንተ የጨመራችሁት።

ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች፣ ጌም ያጫውታሉ ተብለው በውድ ከሚሸጡት አንዳንዶቹም ጭምር፣ ስክሪናቸው «45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ» ነው፤ ኤንቲኤስሲ ስክሪን ምን ያህል ቀለም እንደሚያሳይ የሚለካበት ነው። ይህ ማለት ድር ላይ መደበኛ ከሆነው ከኤስአርጂቢ ቀለም ወደ 60 ፐርሰንት አካባቢ ብቻ ያሳያል። ኤስአርጂቢ ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 (እንደ ፈረንጆቹ) ያወጡት ነው፤ እስከ ዛሬ ድር ላይም አብዛኛው የፎቶ ላብም የሚሠራው በእሱ ነው። ስትገዙ የምትፈልጉት ቁጥር «100 ፐርሰንት ኤስአርጂቢ» ወይም «72 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ» ነው። ሁለቱ በግምት አንድ ናቸው።

የቀለም መለኪያ መሣሪያ ይህን ያድነዋል? አያድነውም። መለኪያው ስክሪኑ ያለውን ቀለም ያስተካክላል እንጂ የሌለውን አይጨምርም። በደህና ስክሪን ላይ ግን ጥቅሙ ብዙ ነው። ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (ከጥቁር ወደ ነጭ ያለውን የብርሃን አካሄድ) 2.2 ላይ አድርጋችሁ በወር አንዴ ለኩ። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ሦስት አራት ስቱዲዮ ተዋጥቶ አንድ ቢገዛ ይበቃል። ዕቁብ እንጥላለን አይደል?

ተቃራኒውም አለ። ኦሌድ የሚባለውን ወይም ሌላ ሰፊ ቀለም ያለው ስክሪን ገዝታችሁ ፎቶው እናንተ ጋ ደምቆ ሰው ጋ ከፈዘዘ፣ ስክሪኑን ኤስአርጂቢ ሞድ ላይ አድርጉት። ወይም ደግሞ ፎቶውን ከላይትሩም ስታወጡ አዶቢ አርጂቢ ላይ ረስታችሁት ይሆናል፤ እሱ ከኤስአርጂቢ የሰፋ ሌላ የቀለም መደብ ነው። ለስልክና ለድር ሁልጊዜ ኤስአርጂቢ። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ በፎቶ ከሄደ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም።

ሱቅ ውስጥ

ሻጩ «ወንድሜ፣ አይ ሰቨን ነው፣ ቪዲዮ ካርድም አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይላችኋል። ስክሪኑ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ብትጠይቁት አያውቅም፤ አትፍረዱበት። እናንተ ራሳችሁ እዩ።

የታተመ ፎቶና የዚያኑ ፎቶ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የምይዘው ፍቅር ሐይቅ ዳር የተነሳ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ነው። ነጭ ነጠላ፣ ቀይ ጥለት፣ ጠይም ፊት፣ ከጀርባ ሰማይና ውሃ፤ ለፈተና የሚሆነው ሁሉ አለው። ፋይሉን ክፈቱና ወረቀቱን አጠገቡ ያዙ። ቀዩ ወደ ብርቱካን ከሸሸ ተዉት። ከዚያ ክዳኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አጋድሉት። ፊቱ ከጠቆረ ወይም እንደ ነጋቲቭ ከተገለበጠ ስክሪኑ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ነው። ለዚህ መድኃኒት የለውም። እናንተ የምትፈልጉት አይፒኤስ የሚባለውን ዓይነት ነው፣ ወይም ኦሌድ።

ሰማዩን ደግሞ በደንብ እዩት። ከታቦር ተራራ ጀርባ የሚወርደው ሰማይ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ከመሰለና ያው ፎቶ ስልካችሁ ላይ ለስላሳ ከሆነ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው።

ዩዝድ ለሚገዛ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሞዴሉ ስም ስክሪኑን አይነግራችሁም። ቲንክፓድ ቲ480 ለምሳሌ በቲኤን 1366 በ768ም፣ በአይፒኤስ 1920 በ1080ም፣ በ2560 በ1440ም ተሽጧል። ጓደኛችሁ ጋ ያማረው እናንተ ጋ ላያምር ይችላል። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ያዙ፤ የስክሪኑን የሞዴል ቁጥር ያወጣላችኋል። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት፣ የቀለም መጠኑ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ማክ ለሚፈልግ ነገሩ ይቀላል፦ እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 መጨረሻ ወዲህ የወጡ ማክቡክ ፕሮዎች፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የወጡ ማክቡክ ኤሮችም ስክሪናቸው ከኤስአርጂቢ የሰፋውን ፒ3 የሚባል የቀለም መደብ ያሳያል።

ያላችሁ ላፕቶፕ ሌላው ነገር ደህና ሆኖ ስክሪኑ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ አትሽጡት። ደህና አይፒኤስ ሞኒተር ገዝታችሁ ሰኩበት። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው።

ፎቶው ለመከፈት ሲያንቀላፋ

አሁን ስለ ኮር ብንጠይቅ ያምርብናል። ግን መጀመሪያ ራሙን እዩ። 8 ጊጋ ላይ ላይትሩምና ፎቶሾፕ አብረው ሲከፈቱ ይታፈናል፤ 16 ይሁን። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ በኋላ አይጨመርምና ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሀርድ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ከሆነ በኤስኤስዲ ቀይሩት።

ሁሉም ተስተካክሎ አልበሙ አሁንም ሲለይ

ጉዳዩ ከእናንተ ወጥቶ ማተሚያው ጋ ደርሷል። ሙሉ አልበም ከማዘዛችሁ በፊት ነጠላ፣ ጥለትና ፊት ያለበትን አንድ ፎቶ ብቻ በ10 በ15 ሴንቲሜትር አሳትሙ። ሱቁ ውስጥ ባለው መብራት አትዩት፤ በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ከስክሪናችሁ ከለየ ማሽኑ ላይ ያለውን ልጅ «አውቶ ኮሬክሽኑን አጥፋልኝ» በሉትና ያንኑ ፎቶ እንደገና አሳትሙ።