በአንድ ገበሬ መዝገብ የፍራንኮችን አስተዳደር እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የምዕራቡ የሮም መንግሥት በ476 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ ስለመጣው፣ ፍራንኮች የተባሉት የጀርመን ነገዶች ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር ስለ ነገሡበት ዘመን ማጥናት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ የነገሥታትን ስም በመሸምደድ ይጀምራል፤ ሆኖም ቀረጥ የሚሰበስበው የሮም ሹም ከጠፋ በኋላ ሥልጣን ያረፈው በመሬት ላይ ስለ ነበር፣ እኔ የምመክረው ከአንድ ገበሬ መነሣትን ነው።

ለዚህ የሚመቸው ከፓሪስ አጠገብ የነበረው የሳን ዠርማን ደ ፕሬ ገዳም አበምኔት ኢርሚኖን በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያስጻፈው መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ ቦዶ የተባለ ኮሎኑስ (ከመሬት ጋር የታሰረ ገበሬ) እና ኮሎና (የኮሎኑስ የሴት መጠሪያ) የሆነችው ሚስቱ ኤርመንትሩድ ከ3 ልጆቻቸው ጋር ሰፍረዋል፤ የያዙት አንድ «ነጻ ማንሱስ» የተባለ የቤተሰብ ይዞታ ሲሆን፣ ከእርሻው ሌላ 2 አርፓን (የመሬት ስፋት መለኪያ) የወይን ቦታና 7 አርፓን የሣር መስክ አለበት።

በመጀመሪያ የሰውየውንና የመሬቱን ደረጃ ለየብቻ ይጻፉ። ኮሎኑስ በሕግ ነጻ ቢሆንም ከመሬቱ ጋር የታሰረ ሰው ነው፤ ይህም ፍራንኮች የፈጠሩት ሳይሆን ቢያንስ ቆስጠንጢኖስ በ332 ካወጣው ሕግ ጀምሮ የሚታወቅ የሮም ቅርስ ነው። ማንሱስ ማለት ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ሲሆን የነጻና የባሪያ እየተባለ ይለያል፤ ነጻ ሰው የባሪያ ማንሱስ ይዞ ስለሚገኝ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት ያሳስታል። እኔም መጀመሪያ ላይ ኮሎኑስን «ባሪያ» ብዬ ተርጉሜ ገጹን በሙሉ አበላሽቻለሁ። «ገባር» ማለትም ያጓጓል፤ ነገር ግን ቃሉ የራሳችንን የርስትና የጉልት ታሪክ ይዞ ስለሚመጣ ኮሎኑስን እንዳለ መተው ይሻላል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ክፍያ ስለ ምን እንደሚከፈል ይጠይቁ፤ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቦዶ ስለ ጦር 2 የብር ሶሊዱስ ይከፍላል። በዘመኑ ሶሊዱስ የሒሳብ መለኪያ እንጂ በእጅ የሚያዝ የብር ሳንቲም አልነበረም፤ አንዱ በ12 ዲናር ስለሚታሰብ ቦዶ የሚቆጥረው 24 ትናንሽ የብር ዲናሮችን ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ808 ባወጣው ትእዛዝ 4 ማንሱስ ያለው ነጻ ሰው በራሱ ስንቅ እንዲዘምት፣ ከዚያ ያነሰ ያላቸው ደግሞ ተጋግዘው አንድ ሰው እንዲልኩ አዝዞ ነበርና፣ የንጉሡ ዘመቻ በገበሬው ደጅ እንዴት እንደሚያልፍ የሚታየው በዚህች መስመር ነው። አሳማዎቹን በጫካ ለማሰማራት የሚከፍለው ወይን፣ በየ3 ዓመቱ የሚያስረክበው 100 ሳንቃ፣ እንዲሁም 3 ዶሮና 15 እንቁላል ግን የባለ መሬቱ የገዳሙ ድርሻ ናቸው።

ከዚያ የጉልበቱን ግዳጅ ይቁጠሩ። ቦዶ በየሳምንቱ 2 የግዳጅ እርሻና 1 በእጅ ጉልበት የሚሠራ ሥራ ሲኖርበት፣ በክረምትና በጸደይ ዘር ወቅትም የገዳሙን ሁዳድ ያርሳል፤ ከእንቁላሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል።

መዝገቡ ስለ ዳኝነት ብዙም አይናገርም። ይህን ለማግኘት ወደ ነገሥታቱ ደብዳቤዎች መሄድ ያስፈልጋል፤ በየአውራጃው ንጉሡ የሾመው ኮንት ችሎት ቢያስችልም፣ ብዙ ታላላቅ ገዳማት የኮንቱ ሰዎች በመሬታቸው እንዳይገቡ የሚከለክል ደብዳቤ ስለ ነበራቸው፣ በዚያ ያለው ሰው በአብዛኛው የሚዳኘው በገዳሙ ወኪል ፊት ነበር።

ይህን ልምምድ ከጨረሱ በኋላ ግዛቱ በ843 በቬርደን ውል ለ3 ወንድማማቾች ወደተከፈለበትና የኮንትነት ሹመት ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ ወደሚተላለፍበት ዘመን ይሻገሩ፤ በዚያ ዘመን በሚያነቡት ሰነድ ሁሉ ቀድመው የሚፈልጉት ለጦር የሚከፈለው ብር አሁን በማን እጅ እንደሚቀር ይሁን።