ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባዱ ስህተት ገና ከመመረቅ በፊት ይሠራል፤ የተግባር ልምምድን ለማኅተም ብቻ መውጣት። ዘመድ ያለበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፋል፣ ተማሪው አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ ሪፖርቱን ከአምናው ልጅ ገልብጦ ያስፈርማል። ነጥቡ ያምራል፤ ሥራው ግን አይለመድም።

የአካውንቲንግ ተመራቂን እንውሰድ። ዴቢትና ክሬዲት ሲያሰላ ነው የኖረው። ቀጣሪው የደረሰኝ ክምር ፊቱ አስቀምጦ «የዚህን ወር ቫት አዘጋጅ» ሲለው ግን ግራ ይገባዋል። ከሽያጩ ከተሰበሰበው 15 በመቶ ላይ በግዢ የተከፈለውን ቫት መቀነስ፣ የገዢው ቲን ቁጥር የሌለበትን ደረሰኝ ለይቶ ማውጣት፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መመዝገብ፤ ይኼ ሁሉ ልምምድ ላይ እጅ የሚፈታበት ሥራ ነበር። ፎቶ ኮፒ ብቻ ካስነሷችሁ ዝም አትበሉ። «ይኼን እኔ ልሙላውና እርስዎ ያርሙኝ» ማለት አያሳፍርም። ወር መጨረሻ ላይ የሚያግዝ ሰው የሚጠላ ሒሳብ ክፍል የለም።

ሌላው፣ የመውጫ ፈተናን የመጨረሻ ግብ ማድረግ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም፤ ስለዚህ ማጥናት ግድ ነው። ግን ከምርጫ መልስ መለየት ሌላ፣ ሥራ መሥራት ሌላ። የመጨረሻውን ዓመት ሙሉ ለፈተናው መስጠት ያስከፍላል።

ሲቪ ከጓደኛ ገልብጦ ስም መቀየርስ? «ኤክሴል፦ በጣም ጥሩ» ይላል። ፈታኙ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ ገፋ አድርጎ «እስቲ የደሞዝ ፔሮል ሥራልኝ» ሲለው ላብ በላብ ይሆናል። የማትችሉትን አትጻፉ፤ አለቀ።

ሥራ ሲጠፋ ዝም ብሎ ማስተርስ መመዝገብም አለ። ልምድ የሌለው ሁለተኛ ዲግሪ ብዙ ጊዜ ቀጣሪውን ያስፈራዋል እንጂ አይስበውም።

በመጨረሻ፣ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ብቻ መጠበቅ። እርግጥ ለጀማሪ መደብ ሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቁ ቀጣሪዎችም ትንሽ ቢያፍሩ ጥሩ ነበር። እስከዚያው ግን የሰፈር ሱቅ ሒሳብ መያዝም፣ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ በትንሽ ደሞዝ መግባትም ልምድ ነው። ስትለቁ የልምድ ደብዳቤ ተቀበሉ፤ የሥራ ግብር መከፈሉ መጻፉንም እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ካልተጻፈ መንግሥት መሥሪያ ቤት ልምዱን ላይቆጥርላችሁ ይችላል።