«ዘጠና ዘይት አለ?» እና ሌሎች ፒክአፕ ገዳይ ስህተቶች

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጅማ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ። በሁለቱም በኩል የሚመጡ ፒክአፖች ጋራዣችን ይገባሉ። ጤፍ የጫነ አለ፣ ሲሚንቶ የጫነ አለ፣ ሰሞኑ በዓል ከሆነ በግ የጫነም አይጠፋም። የብዙዎቹ ሞተር ደህና ነው። ባለቤቶቹ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ይቀይራሉ፤ በዚህ አይታሙም። ከሞተሩ ወዲያ ያለውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ፎር ዊል ፒክአፕ ከሞተሩ ሌላ ዘይት የሚጠጡ አራት ቤቶች አሉት። ካምቢዮ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ትራንስፈር፣ የፊት ዲፈረንሻል፣ የኋላ ዲፈረንሻል። አራቱም አንድ ዓይነት ዘይት የሚጠጡበት መኪና አለ፤ የተለያየ የሚጠጡበትም አለ። ይህን የሚያውቀው የመኪናው መጽሐፍ እንጂ የጎረቤታችሁ ሹፌር አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች ዘወትር አያቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ያስቁኛል፤ የመጀመሪያው ግን ደሜን ያፈላዋል።

በቁጥር ብቻ መግዛት

ሰውዬው ዘይት መሸጫው በር ላይ ቆሞ «ዘጠና ዘይት አለ?» ይላል። ባለሱቁ «ሞልቷል» ይላል። አለቀ። መኪናው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ለየትኛው ክፍል ነው ያለም የለም። ከዚያ ያው አንድ ጋሎን መጀመሪያ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል፣ ቀጥሎ ዲፈረንሻል፣ የተረፈችው ትራንስፈር።

90 የሚለው ቁጥር የሚነግራችሁ የዘይቱን ውፍረት ብቻ ነው። ውስጡ ምን ቅመም እንደተጨመረበት አይናገርም። እሱን የሚናገረው ጋሎኑ ላይ በትንሹ የተጻፈው ነው፤ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5።

ልዩነቱን ላስረዳ። ዲፈረንሻል ውስጥ ኮሮናና ፒኞን የሚባሉ ትልቅና ትንሽ ጥርሳም ብረቶች አሉ። ፒኞኑ የሚገጥመው ከኮሮናው መሀል ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ጥርሶቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ይፋተጋሉ፤ ያውም ሙሉ ጭነት ተሸክመው። ተራ ዘይት በዚያ ግፊት ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ይገናኛል። ጂኤል-5 የተሠራው ለዚህ ነው። ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም በብዛት ስላለው፣ ጥርሱ ሲግል ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ክዳኑን ስትከፍቱ አፍንጫችሁን የሚሰነፍጠው ሽታ ከዚሁ ቅመም የሚመጣ ነው።

ካምቢዮ ሌላ ነው። ማርሽ ስትቀይሩ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስተካክሉ ሲንክሮናይዘር የሚባሉ ቀለበቶች አሉ። በብዙ መኪና ላይ ከነሐስ የተሠሩ ናቸው። ሥራቸው መያዝ ነው፤ ለመያዝ ደግሞ መጠነኛ ፍትጊያ ያስፈልጋቸዋል። ጂኤል-5 ከልክ በላይ ካንሸራተታቸው አይይዙም። ከዚያም አልፎ አንዳንዱ ጂኤል-5 ሲግል ነሐሱን ቀስ እያለ ይበላዋል። መኪናው በአንድ ቀን አይቆምም፤ ክፋቱም እሱ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ይላል። ሰነባብቶ ወደ ሦስት ሲገባ ጥርስ ያፋጫል። ሹፌሩ «ፍሪሲዮኑ ነው» ብሎ ፍሪሲዮን ያስቀይራል። ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ ካምቢዮው ሲወርድ ቀለበቶቹ ተበልተው ይገኛሉ፤ የፍሪሲዮኑ ገንዘብም ውሃ በልቶታል።

«5 እኮ ከ4 ይበልጣል» የሚሉኝ አሉ። የሚበልጠው ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ቁጥሩ የሥራ ዓይነት እንጂ ማዕረግ አይደለም።

በእርግጥ መጽሐፉ ሁለቱንም የሚፈቅድበት መኪና አለ። የቆዩ ሃይሉክሶች ማኑዋል ካምቢዮ ላይ «ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5፣ 75ደብሊው-90» የሚል ታገኛላችሁ። ያኔ አትጨነቁ። መጽሐፉ 4 ብቻ ካለ ግን 4 ብቻ ነው። ለዲፈረንሻል 5 ካለ ደግሞ 4 ማድረግ ከሁሉም የከፋ ነው። ከቱሉ ቦሎ ወዲህ ጤፍና ሽምብራ የሚያመላልሱ አንድ ደንበኛችን የኋላው ሲያፏጭ መኪናቸውን ይዘው መጡ።

«ጋሼ፣ የኋላው ውስጥ ምን ዘይት ነው ያለው?»

«ዘይት ነዋ ልጄ፣ ጥሩ ዘይት! ለካምቢዮው ስገዛ ተርፎኝ ነው።»

የማፍሰሻውን ታፖ፣ ማለትም መክደኛ ቡሎኑን፣ ስንፈታ ማግኔቱ ላይ የተጣበቀው የጥርስ ስባሪ ነበር። እዚህ ላይ ጀማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ማግኔቱ ላይ ደቃቅ ግራጫ ጭቃ ማየት የተለመደ ነው፤ ጠርጋችሁ መልሱት። በጣት ተይዞ የሚነሳ ስባሪ ካያችሁ ግን አዲስ ዘይት ሞልታችሁ ሰውዬውን «ደህና ነው፣ ይሂዱ» እንዳትሉት።

ሁሉንም መኪና ሃይሉክስ ማድረግ

ይህ የወጣት መካኒኮች ስህተት ነው። አልፈርድባቸውም፤ የተማሩት ሃይሉክስ ላይ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የኢሱዙ ፒክአፖች ማኑዋል ካምቢዮ የሚሠራው በሞተር ዘይት ነው። አዎ፣ በሞተር ዘይት። ይህን ስነግራቸው የማሾፍ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ዲ40 የሚባለው የኒሳን ናቫራ ደግሞ ትራንስፈሩ የሚጠጣው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ኤቲኤፍ የምንለውን። ሃይሉክስ ራሱ እንኳ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ትውልድ ትራንስፈሩ 75ደብሊው የሆነ ቀጭን ዘይት ይፈልጋል። ለአሮጌው የለመዳችሁትን ለአዲሱ ከሞላችሁ ያጓራል፣ ይሞቃል፣ ነዳጅም ይጨምራል።

መጽሐፉ ከጠፋ መኪናው ኮፈን ሥር ወይም በሩ ላይ ካለው ታርጋ የሞዴሉንና የሻንሲውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ። በዚያ ቁጥር የመኪናውን መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ይቻላል። «ነጭ ደብል ጋቢና ነው» ተብሎ ዘይት አይገዛም።

ጫጫታን በወፍራም ዘይት መቅበር

ዲፈረንሻል ሲያፏጭ «140 ሙላበት፣ ይተኛል» የሚል ምክር አለ። እውነት ነው፣ ይተኛል። የሚያፏጨው ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ግን አልዳነም። ድምፁ ብቻ ነው የጠፋው፤ ጉዳቱ ከሥር ይቀጥላል። ይህ ዘዴ የሚወደደው መኪና ሊሸጥ ሲል ነው። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያገለገለ መኪና በጥንቃቄ ነው የሚገዛው። ፒክአፕ ልትገዙ ስትሄዱ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከኋላው ዲፈረንሻል ትንሽ ዘይት አስወርዱ። ሙጫ የሚያክል ወፍራም ነገር ከተዝረከረከ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

እግረ መንገዴን የሞተር ዘይት ቁጥርና የማርሽ ዘይት ቁጥር በአንድ ሚዛን አይለኩም። የማርሽ ዘይት 90 ሲሆን ውፍረቱ በሞተር ዘይት ከ40 እስከ 50 ባለው አካባቢ ነው። «ሞተሬ 40 ነው የሚጠጣው፣ ካምቢዮው 90 ከሆነ እጥፍ ይወፍራል» ማለት ስህተት ነው።

ደብሊው ካለበት ቁጥርስ? እሱ የብርድ ጠባይ ነው። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ማርሹ የሚደርቅባችሁ ከሆነ ከ80ደብሊው ይልቅ 75ደብሊው ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ወደ አፋር ሙቀት ከባድ ጭነት የሚያመላልስ ሰው መጽሐፉ ከፈቀደለት ወፍራሙን ቢወስድ ይገባኛል። ሰበታና ሆለታ ለሚዞር መኪና ግን 140 ምን ያደርጋል?

ውሃ ገብቶ «ደህና ነው» ማለት

ክረምት ሲገባ የበቾ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። መረሬው አፈር ሲረጥብ ጎማ ይውጣል፣ አዋሽም ከዳርቻው ይወጣል። ፒክአፕ ያለው ሁሉ ጀግና ነው፤ ገብቶ ይወጣል። ችግሩ የሚጀምረው ከወጣ በኋላ ነው።

ከአስፋልት የመጣ ዲፈረንሻል ይግላል። በዚያ ግለቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ሲኮማተር ከውጭ መሳብ ግድ ነው። አክሰሉ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለች። እሷ በጭቃ ከተደፈነች የሚሳበው በፓራሊዮው፣ ዘይት እንዳይፈስ በሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ በኩል ነው። ካልተደፈነችም ውሃ ውስጥ እስከሰመጠች ድረስ በራሷ በኩል ይሳባል።

እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት የማፍሰሻውን ታፖ ቀስ ብዬ አላላዋለሁ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ተኝቷል፤ መጀመሪያ የሚወርደውም እሱ ነው። ጥርት ያለ፣ ጥቂት ጠብታ፣ አንዳንዴ አንድ ሲኒ። ከዚያ ወተት የበዛበት ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይከተላል። መልኩ እንደዚያ የሆነ ዘይት ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ጥርሱም ኩሽኔታውም ዝገት ይጀምራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መተንፈሻዋን ዘይት በሚችል ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ አስረዝሙና ጫፉን ከውሃ በላይ እሰሩት። ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ትንሽ ቆማችሁ ይብረድላችሁ። ውሃው አክሰሉን ካለፈ ደግሞ «በሚቀጥለው ሰርቪስ» አትበሉ፤ በዚያው ሳምንት አስፈትሹ። ማኪያቶ ሆኖ ከተገኘ አንዴ ቀይራችሁ፣ ትንሽ ነድታችሁ፣ ድጋሚ ቀይሩት። አንዴ ብቻ የተቀየረው ውስጥ የቀረው ውሃ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል።

የፊቱን መርሳት

«ፎር ዊል ብዙም አላስገባም፣ የፊቱ ዘይት አዲስ ነው» ይላሉ። አዲስ አይደለም፤ ያረጀ ነው። ውሃው ለፊቱም ለኋላውም እኩል ነው የገባው። ቶዮታ በመጽሐፉ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በፎር ዊል እንድትነዱ ይመክራል፤ የፊቱ ጥርሶች ዘይት እንዲያገኙ። ፒስታ ላይ አድርጉት፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማውንም ትራንስፈሩንም ያሰቃያል።

በቀለም መምረጥ

ቀይ ቀለም ነው፣ ዓይነት አይደለም። ዴክስሮን 3 የሚባለው ኤቲኤፍ ቀይ ነው፣ ቶዮታ ለአዳዲስ አውቶማቲኮቹ የሚያዘው ደብሊውኤስም ቀይ ነው። ሁለተኛው ይቀጥናል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የመሪ ዘይት ሲጎድል የምትሞሉትን ቀይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ እንዳትደግሙት።

መሙያው ሳይፈታ ማፍሰስ

ልጆች፣ እባካችሁ! መጀመሪያ የላይኛውን ታፖ ፍቱ። የዛገ ታፖ እምቢ ሲል የታችኛውን አፍስሳችሁ ከሆነ መኪናው ባዶውን ቆመ ማለት ነው።

ሞልቶ ማፍሰስ

ልኩ መሙያው ቀዳዳ አፍ ላይ ነው፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ። አንድ ጎን በክሪክ ተነስቶ የተለካ ዘይት አልተለካም። ሲበዛ አረፋ ይሠራል፣ ግፊት ይፈጥራል፣ የኋላው ከሆነ በአክሰሉ ፓራሊዮ ሾልኮ የፍሬን ሸራ ያርሳል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ የረጠበ ሸራ አያስፈልጋችሁም።

ሊሚትድ ስሊፕን አለማወቅ

የኋላ ዲፈረንሻላችሁ ሊሚትድ ስሊፕ፣ ማለትም አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታው ዓይነት፣ ከሆነ ኤልኤስ የሚል ያለበት ጂኤል-5 ያስፈልገዋል። ተራውን ከሞላችሁ ጥግ ስትዞሩ ከኋላ ይንገጫገጫል። በቁልፍ የሚቆለፈው ዓይነት ሌላ ነው፤ እሱ ተራውን ጂኤል-5 ይጠጣል።

ከበርሜል መግዛት

በሊትር ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የቀዳው ብቻ ነው። እሱም ካወቀ። ጂኤል-4 ይሁን 5 የሚነግራችሁ ጽሑፍ በርሜሉ ላይ ቀርቷል። የታሸገ ግዙ፣ እሽጉ ያልተነካ መሆኑን እዩ፣ መካኒኩ ፊታችሁ ይክፈተው። ብልጥ ጋራዥ በዚህ አይቀየማችሁም። ባዶውን ጋሎን ደግሞ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ምስማር አምጡና ሁለት ሦስት ቦታ ብሱት፤ ተሞልቶ ተመልሶ እንዳይመጣባችሁ።