«2 ቴራ» የተባለው ዲስክ ፋይል ሲበላ፦ የቤት ማከማቻ ችግርና መፍትሄ

ኬብል ቀይራችሁ፣ ሌላ የዩኤስቢ ወደብ ሞክራችሁ፣ ኮምፒውተሩንም አጥፍታችሁ አብርታችሁ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እሱን ያላደረገ እሱን ይጨርስ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ላስወግድ።

አዲስ የገዛችሁት 1 ቴራ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጂቢ ቢያሳይ ማንም አልሰረቃችሁም። ፋብሪካው አንድ ቴራ የሚለው 1,000,000,000,000 ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያካፈለ ይቆጥራል። በዚህ ከሻጭ ጋር አትጣሉ። የምትጣሉበትን እነግራችኋለሁ።

ፍላሹ ላይ ባዶ ቦታ እያለ ትልቅ ፊልም አልገለበጥ ካለ፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደራደር ነው። ከ4 ጂቢ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ወደ ሌላ ቦታ አውጡና ትልቅ ፋይል በሚቀበለው በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

አዲስ ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ (ማስቲካ የምታክል፣ የሚሽከረከር አካል የሌላት ዲስክ) ልክክ ብሎ ገብቶ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መቼት) ካላየው፣ ኤም ዶት ቱ የቅርጹ ስም ብቻ መሆኑን አስታውሱ። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ግን ይለያያል፤ አንዱ ሳታ ነው፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ ነው። የቆዩ ላፕቶፖች ብዙዎቹ አንዱን ብቻ ነው የሚያውቁት። የላፕቶፑን ሞዴል ሳታጣሩ አትግዙ፤ «ይገባል» የሚል ሻጭ ስለ ቅርጹ ነው የሚያወራው።

ዊንዶውስ ስትጭኑ «ዲስክ የለም» ካለና ላፕቶፑ ባለ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ፣ ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲ የሚለውን (የኢንቴል ዲስክ መቆጣጠሪያ ነው) አጥፉ ወይም የኢንቴልን የማከማቻ ድራይቨር ጫኑ። ዲስኩ አልሞተም።

አሁን ወደ ዋናው።

ፋይሉ አለ፣ ግን አይከፈትም

ዲስኩ ላይ «2 ቴራ» ተጽፏል። ዊንዶውስም 1.8 ቴራ ገደማ ብሎ ያሳያል። ገልብጦ ሲጨርስ ምንም ስህተት የለም፤ የፋይሉ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። ሲከፈት ግን ቪዲዮው «ተበላሽቷል» ይላል፣ ፎቶው እስከ አንገት ድረስ ታይቶ ከዚያ በታች ግራጫ ይሆናል፣ ዚፑ አይፈታም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የገባው ደህና ሆኖ የኋላው ነው የሚበላሸው። በአንዳንዱ ዲስክ ደግሞ የፊተኛው ጠፍቶ የመጨረሻው ይተርፋል።

ምክንያቱ ቫይረስ አይደለም። እደግመዋለሁ፣ ቫይረስ አይደለም። የዲስኩ መቆጣጠሪያ ቺፕ «2 ቴራ ነኝ» እንዲል ተደርጎ ተስተካክሏል፤ ውስጡ ያለው እውነተኛ ቦታ ግን 64 ወይም 128 ጂቢ ነው። አንድ ክፍል ቤት ይዞ ሃያ ክፍል አከራያለሁ እንደሚል ደላላ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ መቆጣጠሪያው የነገረውን ይቀበላል እንጂ ገብቶ አይቆጥርም። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አንዱ ዓይነት የመጣለትን ሁሉ «እሺ» ብሎ ይጥለዋል። ሌላው ዞሮ ከመጀመሪያው ጀምሮ በነበረው ላይ ይጽፋል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚቀመጥ፣ ይዘቱ ጠፍቶ ስሙ ይቀራል። ዞሮ የሚጽፈው ዝርዝሩን ራሱን የነካው ዕለት «ፎርማት ይደረግ?» የሚለው መልእክት ይመጣል።

ሰው የሚሸወደው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ገልብጦ እንደጨረሰ አንዱን ከፍቶ ያየዋል፣ ይሠራል። የሚያየው ግን ኮምፒውተሩ ራም ውስጥ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ያስቀረውን ነው። ዲስኩን ነቅሎ መልሶ ሲሰካ ነው ጉዱ የሚታየው። ነቅላችሁ ሳትሰኩ፣ መጨረሻ የገባውንም መጀመሪያ የገባውንም ከፍታችሁ ሳታዩ ዋናውን አታጥፉ!

አንድ ሰርግ የሚቀርጽ ልጅ እንዲህ ዓይነት ዲስክ ይዞ መጣ። የሰርጉን ሁሉ ገልብጦ፣ ለማግስቱ መልስ ካርዶቹን ፎርማት አድርጎ በላያቸው ላይ ቀርጾባቸዋል። የሙሽራው መኪና አለ፣ በር ላይ የነበረው ግርግር አለ፣ ሽማግሌው ለምርቃት እጃቸውን አነሱ፣ ምስሉ እዚያው ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስም ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ሪከቨሪ ሶፍትዌር የለህም?» አለኝ። ሪከቨሪ የሚያወጣው ተጽፎ የጠፋን ነው። ያልተጻፈን ማን ያወጣዋል? የተረፈችው ካሜራው ውስጥ ተረስታ ያልተነካች አንዲት ሚሞሪ ካርድ ናት፤ ከእሷ የኬክ ቆረጣውን አገኘን።

ዲስኩን አብረን ፈታነው። ከላይ የሚያምር አሉሚኒየም ነው፤ ውስጡ ጥፍር የምታክል ማይክሮ ኤስዲ ካርድ የተሰካባት ትንሽ ሰሌዳ፣ ከጎኗ ደግሞ ክብደት እንዲሰጥ በማጣበቂያ የተለጠፈ ብረት። ብረቱ! ሰው በእጁ መዝኖ «ኦሪጅናል ነው» እንዲል ታስቦበት የገባ ብረት ነው። የሚያናድደኝ ቺፑ ሳይሆን ይሄ ነው።

አንዲት እናት ደግሞ ውጭ ላሉ ልጆቻቸው የቤተሰብ ፎቶ ሊልኩ ፍላሽ አስገልብጠው፣ «ቫይረስ ነው» እየተባሉ ሰፈራቸው ባለ የኮምፒውተር ቤት ደጋግመው ፎርማት አስደርገውታል፤ በየጊዜው እየከፈሉ። ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ ባዶ ስለሚሆን እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ የዳነ ይመስላል። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ለምን ይመላለስብኛል?» ሲሉኝ ለማስረዳት አልከበደኝም፤ የከበደኝ የፎርማት አድራጊውን ስም ሳልጠራ መሸኘት ነበር።

እንዴት ይመረመራል

በዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን በሚያውቀው ዳታ እስከ አፉ ይሞላና መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። ዲስኩ ባዶ መሆን አለበት፤ በከፊል የሞላ ዲስክ ላይ መሞከር ያላችሁንም ሊያስበላችሁ ይችላል። ጊዜውን ደግሞ አስሉት፦ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ የውሸት 2 ቴራ ለመሙላት ብቻ 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዴስክቶፕ ላይ ጀምራችሁ መብራት ቢሄድ ከዜሮ ነው፤ በላፕቶፕ ሥሩ። ያን ያህል መጠበቅ የማይችል ቫሊድራይቭን ይጠቀም፤ ዲስኩ ላይ 576 ቦታ ብቻ መርጦ እየጻፈ እያነበበ በደቂቃዎች ያሳያችኋል። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም የሚጠቀም ኤፍ3 የሚባለውን ይጫን፤ ከውስጡ ፕሮብ የሚለው ትእዛዝ እውነተኛውን መጠን ፈልጎ ይነግራል። የዲስኩን ስም ሁለት ጊዜ አይታችሁ ጻፉ፤ የላፕቶፑን ዲስክ ስም ጽፎ ያለቀሰ አለ።

መፍትሄው

ሙሉ ፈውስ የለም። በመጀመሪያ ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፉ፣ «ላስተካክል?» ሲላችሁም እሺ አትበሉ። ቀጥሎ ዲዲሬስኪው በሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ አውጡና ፎቶሬክ የሚባለውን የጠፋ ፋይል ፈላጊ ቅጂው ላይ አስኪዱት፤ እውነተኛው ቦታ ውስጥ የቀረውን ያህል ታገኛላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ምንጭ፣ ስልኩንም ካሜራውንም፣ ከመጠቀም አቁሙ። እዚያ የመገኘት ዕድሉ ይበልጣል።

ዲስኩን በእውነተኛ መጠኑ ከፋፍሎ 64 ጂቢ አድርጎ መጠቀም ይቻላል፤ ኤፍ3 ውስጥ ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ አለ። እኔ አልመክርም። ሲሠራ የዋሸ ሰው ውስጡ የከተተው ቺፕም የተመረጠ አይሆንም። የሚጠፋ ቢጠፋ ለማያሳዝን ዘፈን ይሁን።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የሱቁን ቁጥርና ፎቅ ጻፉ። ፒያሳ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ስንቱ ሱቅ ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ «እዚያ ጋ ነበር የገዛሁት» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ኦሪጅናል 2 ቴራ ኤስኤስዲ በፍላሽ ዋጋ የለም። ይህን ማመን ያቃተው ሰው ምርመራም አያድነውም።

እኔ ለቤት የምመርጠው ስሙ የሚታወቅ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ዩኤስቢ ካለው ባዶ ኬዝ ጋር ለየብቻ መግዛት ነው። ኤስኤስዲውን ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ ሰክታችሁ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው የዲስክ ጤና ማያ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓትና የቀረውን ዕድሜ ታያላችሁ። «አዲስ» የተባለው ሺህ ሰዓታት ሠርቶ ከተገኘ እዚያው መልሱት። ለፊልም ክምችት ደግሞ ሀርድ ዲስክ ይበቃል፣ በጂቢ ሲሰላም ይረክሳል።

የቀሩት

ላፕቶፑ ሲከፈት ደቂቃዎች የሚፈጅና ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100% የሚቆም ከሆነ፣ ዊንዶውስ 10 በሀርድ ዲስክ ላይ ነው። ራም አትጨምሩ፣ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት። ክሎንዚላ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያለውን ሁሉ እንዳለ ያዛውረዋል፤ አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እንዳያንስ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ በኢንቴል በኩል ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ አይቀበልም። ባለ 4ኛና 5ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ በጓሮ በር 11 ከማስጫን ሊኑክስ ሚንት ሞክሩ። አማርኛ ለመጻፍ አይባስ የሚባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ኤም17ኤን ከሚባለው ተጨማሪው ጋር ይበቃል። የሂሳብ ፕሮግራም ወይም የዊንዶውስ ብቻ የሆነ ነገር የምትጠቀሙ ግን አትድከሙ።

ሀርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ አጥፉት። ማስነሳት አትደጋግሙ፣ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፣ መታ መታ አታድርጉ።

ክሪስታልዲስክኢንፎ ላይ የሲ5 ወይም የሲ6 (ለመነበብ ያስቸገሩ ቦታዎች) ጥሬ ቁጥር ከዜሮ ከበለጠ ዛሬውኑ ገልብጡ። ሲ7 (የመገናኛ ስህተት ቁጥር) ብቻ ከጨመረ የሳታ ኬብሉን ቀይሩ።